አደጋን ወደ ውጭ የሚያወጡ የቤተ ሙከራ መሣሪያዎችና የኤሌክትሪክ ደኅንነት ደረጃቸው

የቤተ ክርስቲያናችን አጥቢያዎች ከጸሎትና ከስብከተ ወንጌል አገልግሎት ጎን ለጎን ትምህርት ቤቶችንና ክሊኒኮችን ማቋቋም ከጀመሩ ቆይተዋል። በዚህም ምክንያት ቀደም ሲል ንዋየ ቅድሳትን፣ መጻሕፍትንና መሬትን ብቻ ይዞ ይኖር የነበረው የሰበካ ጉባኤ የንብረት መዝገብ ዛሬ ማይክሮስኮፕ፣ ሴንትሪፊዩጅ፣ አውቶክሌቭ፣ የፊዚክስ መማሪያ ፓወር ሰፕላይ፣ የአልትራቫዮሌት መብራት የሚሉ ስሞች ተጨምረውበታል። ንብረቱን የሚረከበው፣ በሰነዱ ላይ የሚፈርመውና የክፍሉን ቁልፍ የሚይዘው ግን ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ትምህርት የሌለው የኮሚቴ አባል ወይም ካህን ነው። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ለእነርሱ ነው። ዓላማውም አንባቢውን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ማድረግ ሳይሆን፣ ከመፈረሙ በፊት ምን መጠየቅ እንደሚገባውና ማንን መጥራት እንዳለበት ማስገንዘብ ነው።

ጉዳዩ ለቤተ ክርስቲያን ባዕድ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ሰው ከዚያ ወድቆ ቢሞት ቤቱ የደም ባለ ዕዳ እንዳይሆን። ሕጉ የሚናገረው ለማን እንደ ሆነ እናስተውል። ወደ ሰገነቱ የሚወጣውን እንግዳ «ተጠንቀቅ» አይለውም፤ ትእዛዙ የተሰጠው ለባለ ቤቱ ነው። እንግዳው ሊደክም፣ ሊዘናጋ፣ በጨለማ ሊወጣ እንደሚችል አስቀድሞ ታስቧል። የዘመናችን የኤሌክትሪክ ደኅንነት ደረጃዎች የተመሠረቱበትም አሳብ ከዚህ የራቀ አይደለም። መሣሪያው ራሱ የደከመውን የላቦራቶሪ ሠራተኛና የቸኮለውን ተማሪ እንዲጠብቅ ይጠይቃሉ። በግድግዳ ላይ «ጥንቃቄ ይደረግ» ብሎ መለጠፍ መከታ ሠራሁ አያሰኝም።

ሁለት ዓይነት መሣሪያ

ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች አደጋውን በውስጣቸው ዘግተው ይይዛሉ። ማይክሮስኮፕ ከግድግዳው 220 ቮልት ይቀበላል፤ ወደ ተመልካቹ የሚያወጣው ግን ብርሃን ብቻ ነው። ሽፋኑ እስካልተከፈተ፣ ገመዱም እስካልተላጠ ድረስ የሚያሰጋ ነገር የለም። ሌሎች መሣሪያዎች ግን የተሠሩበት ዓላማ አደገኛውን ነገር ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ አደጋውን በፊት ለፊቱ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች በኩል ለተጠቃሚው እጅ ያቀርባል። የአልትራቫዮሌት መብራት ተሕዋስያንን የሚገድለውን ጨረር ይለቃል። አውቶክሌቭ እንፋሎትን በግፊት ያምቃል፤ ሴንትሪፊዩጅም ከባድ ብረት በደቂቃ ሺህ ጊዜያት ያዞራል። በእነዚህ ላይ ሽፋን አድርጎ ብቻ ዝም ማለት አይቻልም፤ አደጋው ከተዘጋ መሣሪያውም ሥራውን አይሠራም።

በቅዳሴ ጊዜ ጽናን የያዘ ዲያቆን ይህን ልዩነት በቀላሉ ይረዳዋል። የጽናው እሳት ተደፍኖ አይቀመጥም፤ ዕጣኑ የሚያርገው ፍሙ ሲነካው ነው። እጅ የማይቃጠለው ግን ሰንሰለቱ በልክ ስለ ረዘመ፣ ክዳኑም በቦታው ስለ ተሰካ ነው። ደረጃ ማለትም በአጭሩ የሰንሰለቱ ልክ ነው።

ቮልቴጅ ብቻውን ምስክር አይደለም

ኤሌክትሪክ ሰውን የሚጎዳው በአካሉ ውስጥ በሚያልፈው ከረንት መጠንና በሚቆይበት ጊዜ ነው። በግምት 1 ሚሊ አምፔር የሚደርስ ከረንት የመውረር ስሜት ይሰጣል። ወደ 10 ሚሊ አምፔር ሲጠጋ የእጅ ጡንቻ ይኮማተርና ሰውየው የጨበጠውን መልቀቅ ያቅተዋል፤ ሕዝባችን «ኤሌክትሪክ ያዘው» የሚለውም ስለዚህ ነው። ከ30 ሚሊ አምፔር ወዲያ የመተንፈሻ ጡንቻ ይታወካል። 50 ሚሊ አምፔርና ከዚያ በላይ የሆነ ከረንት በደረት በኩል ለአንድ ሰከንድ ያህል ቢያልፍ የልብ ምት ተዛብቶ ሊቆም ይችላል። አንድ የመብራት አምፖል ከሚጠቀመው ከረንት ያነሰ መጠን ሰውን ለመግደል ይበቃል ማለት ነው፤ 60 ዋት የሆነው የቀድሞው አምፖል በ220 ቮልት 270 ሚሊ አምፔር ገደማ ይወስድ ነበርና።

ከዚህ የተነሣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ እንግዳ የሚመስል ነገር ይታያል። ለኤሌክትሮን ቱቦ ማሳያ የሚያገለግለው እስከ 5000 ቮልት የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ በአግባቡ ከተሠራ በውስጡ ከፍተኛ ተቃውሞ ያለው ሬዚስተር ስላለበት ከጥቂት ሚሊ አምፔር በላይ ማውጣት አይችልም። የነካው ሰው ክፉኛ ይደነግጣል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ በሕይወት ይተርፋል። ከአጠገቡ የተቀመጠው፣ 300 ቮልት ብቻ የሚሰጠው ሌላው ፓወር ሰፕላይ ግን 100 ሚሊ አምፔር ሊያወጣ ይችላል። ገዳዩ እርሱ ነው። መምህራን በ5000 ላይ የሚያሳዩትን ፍርሃት በ300 ላይ አለማሳየታቸውን ደጋግሜ ተመልክቻለሁ፤ በመሣሪያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቮልቱ እንጂ አምፔሩ ስላልሆነ ይመስለኛል። ስለዚህ የትምህርት ቤት መሣሪያ የሚረከብ ኮሚቴ ሁለቱንም ቍጥሮች ይጠይቅ። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው መሣሪያ ውስጥ ያለው ያ ሬዚስተር በጥገና ጊዜ ተወግዶ ወይም በሌላ ተተክቶ ከሆነም መሣሪያው ከውጭ ሲታይ አልተለወጠም፤ ጠባዩ ግን ፈጽሞ ሌላ ሆኗል።

ደረጃው ምን ይላል?

ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ለመለኪያ፣ ለመቆጣጠሪያና ለቤተ ሙከራ የሚያገለግሉ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን የሚመለከተው ደረጃው 61010 በሚል ቍጥር ይታወቃል። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1990፣ ሦስተኛው እትም በ2010 ወጥቷል። ክፍል 1 የሁሉንም የጋራ ግዴታ ይደነግጋል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሴንትሪፊዩጅ፣ ስለ ማምከኛ መሣሪያዎች፣ ስለ ማሞቂያዎችና ስለ ደም ምርመራ መሣሪያዎች ለየብቻቸው የተጻፉ ክፍሎች አሉ። በሕመምተኛው አካል ላይ የሚያያዙ የሕክምና መሣሪያዎችና የራጅ መሣሪያዎች በዚህ አይካተቱም፤ እነርሱ 60601 የተባለ የራሳቸው ደረጃ አላቸው። ለክሊኒክ መሣሪያ የሚያቀርብ ነጋዴ ሁለቱን ቍጥሮች ካደባለቀ ስለሚሸጠው ነገር እንደማያውቅ ጥሩ ምልክት ነው።

በደረጃው መሠረት ሰው ሊነካው የሚችል ማናቸውም ክፍል በተለመደው አሠራር ጊዜ በተለዋዋጭ ከረንት ከ30 ቮልት፣ በቀጥተኛ ከረንት ከ60 ቮልት መብለጥ የለበትም። መሣሪያው እርጥበት ባለበት ቦታ የሚሠራ ከሆነ ልኩ ወደ 16 እና ወደ 35 ቮልት ይወርዳል፤ እርጥብ ቆዳ ከረንትን በቀላሉ ያሳልፋልና። ቮልቴጁ ከዚህ ከበለጠ ደግሞ በነካው ሰው አካል ሊያልፍ የሚችለው ከረንት ከግማሽ ሚሊ አምፔር እንዳይበልጥ ይጠየቃል። ሁለቱንም ማሟላት የማይችል ክፍል አደገኛ ተብሎ ይቈጠራል፤ እጅም እንዳይደርስበት መደረግ አለበት።

እንግዲህ 300 ቮልት ማውጣት ግዴታው የሆነ መሣሪያ ምን ይደረግ? ቀዳዳዎቹ ጣት የማይገባባቸው ጥልቅ ይሆናሉ። የሚሰኩባቸው ገመዶችም ጫፋቸው ባዶ ብረት ሳይሆን በፕላስቲክ እጀታ ተሸፍኖ፣ በከፊል ተስቦ ሲወጣ እንኳ ብረቱ እጅ እንዳይነካ ሆኖ ይሠራል። ቮልቴጁ መኖሩን የሚያስታውቅ መብራት ይደረጋል። በሆስፒታሎችና በምርምር ተቋማት ፕሮቲንን ለመለየት የሚያገለግለው የኤሌክትሮፎሬሲስ ሣጥን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ገመዶች የተያያዙት ከክዳኑ ጋር ስለሆነ ክዳኑን ያነሣ ሰው በዚያው ቅጽበት ኤሌክትሪኩንም ይቈርጣል። ሠራተኛው ማጥፋቱን ቢረሳ እንኳ ጨዋማው ፈሳሽ ውስጥ እጁን የሚከተው ኤሌክትሪክ ከጠፋ በኋላ ነው። የመከታው ጥበብ ይህ ነው።

መሣሪያው ከጠፋ በኋላም የሚቀር አደጋ አለ። ካፓሲተር የሚባሉ ክፍሎች ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ኤሌክትሪክን አቍረው ይይዛሉ። ደረጃው የተነቀለው የሶኬት ጫፍ ከ5 ሰከንድ በኋላ አደገኛ እንዳይሆን ያዛል። ይህ ግን ለውጪው ክፍል የተሰጠ ዋስትና ነው። ሽፋኑን ፈትቶ ወደ ውስጥ ለሚገባ ሰው 5 ሰከንድ አይደለም፣ 5 ደቂቃም ላይበቃው ይችላል። ስለዚህ «ነቅዬዋለሁ፣ ምንም አይለኝም» ብሎ በካቻቢቴ የሚከፍት ማንኛውም በጎ ፈቃደኛ መከልከል አለበት።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ ልለፍ። ሴንትሪፊዩጅ በሚዞርበት ጊዜ ክዳኑ ሊከፈት አይገባም፤ በዙሪያውም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ባዶ ይተው፣ ማንም በዚያ ክልል ውስጥ እጁን አያሳርፍ፣ ዕቃም አያስቀምጥ። አውቶክሌቭ በተለምዶ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሠራል፤ በውስጡ ግፊት እያለ በሩ የሚከፈት ከሆነ መሣሪያው ደረጃውን አላሟላም። የአልትራቫዮሌት መብራት ያለበት ሣጥን ሲከፈት መብራቱ በራሱ መጥፋት ይኖርበታል። የዚህ ጨረር ክፋት አለማስታወቁ ነው፤ የተመለከተው ሰው በሰዓቱ ምንም አይሰማውም፣ ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይቶ ግን ዓይኑ አሸዋ እንደ ተነሰነሰበት ሆኖ ይነዳል። ሌሊት ላይ የታመመ ሠራተኛ ቀን የተመለከተውን መብራት ላያስብ ይችላል።

የአንድ እንከን ሕግ

በደረጃው ውስጥ ካሉት አሳቦች ሁሉ አንድ ኮሚቴ ከቶ ሊዘነጋው የማይገባው ይህ ነው፤ መሣሪያው አንድ መከላከያው ቢበላሽ እንኳ ሰውን መጕዳት የለበትም። ስለዚህ መከላከያው ሁልጊዜ ሁለት ነው። የብረት አካል ባላቸው መሣሪያዎች አንዱ መከላከያ በሽቦው ዙሪያ ያለው ልባስ ሲሆን ሁለተኛው ባለሙያዎች ኧርዝ የሚሉት የመሬት መስመር ነው። ልባሱ ተልጦ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ቢያመልጥ የመሬት መስመሩ ከረንቱን ወደ መሬት ይወስዳል፤ ባልቦላውም ይወርዳል። የመሬት መስመር የሌላቸው ሌሎች መሣሪያዎች ደግሞ ድርብ ልባስ አላቸው፤ በሳሕናቸው ላይ በካሬ ውስጥ ካሬ የሚያሳይ ምልክት ይታያል።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። አምራቹ ሁለቱን መከላከያ አሟልቶ ይልካል፤ ሁለተኛው ግን የሚጠናቀቀው በእኛ ግድግዳ ውስጥ ነው። የመሬት መስመር በሌለው ቤት ውስጥ የተሰካ መሣሪያ ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ መከላከያ አጥቷል። ያም ሆኖ በደንብ ይሠራል። መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩ ይዞራል፣ ማንም ጉድለቱን አያስተውልም። የቀረው ልባስ እስኪያረጅ ድረስ አምስት ወይም ዐሥር ዓመት ሊያልፍ ይችላል። የሰላሙ ዘመን በረዘመ ቍጥር የጉዳዩ ምስክርነት እየጠፋ ይሄዳል፤ «እስከ ዛሬ ምን ሆነ?» የሚለው መከራከሪያም ይበረታል።

ከአውሮፓ የመጣ ሶኬት የመሬት ንክኪው ጫፎቹ ላይ ሳይሆን በጎኑ ባሉት ሁለት ቆርቆሮዎች ላይ ነው። ባለ ሁለት ቀዳዳ በሆነ ርካሽ ዲቫይደር ላይም ይገባል፤ ቆርቆሮዎቹ ግን ምንም ሳይነኩ ይቀራሉ። ባለ ሦስት ጫፍ የሆነው ሶኬት ደግሞ አልገባ ሲል ሦስተኛው ጫፍ ተቈርጦ አይቻለሁ። በአንድ የገጠር ክሊኒክ የሴንትሪፊዩጁን ገመድ ስመለከት ጫፉ በመጋዝ በጥንቃቄ ተቈርጦ፣ ቍራጩም እንዳይጠፋ በፕላስተር ገመዱ ላይ ታስሮ ነበር። የቈረጠው ሰው ዕቃ ወዳድና ንጹሕ ሠራተኛ እንደ ነበረ ከሥራው ይታያል። ያ ቍራጭ ብረት የአንድ ሰው ሕይወት መሆኑን ግን የነገረው አልነበረም።

የመሬት መስመር አለ መባሉም አይበቃም፤ መለካት አለበት። ለምሳሌ አንድ አጥቢያ ብረት መሬት ውስጥ ቀብሮ መስመር አውጥቷል እንበል፤ ሲለካም ተቃውሞው 10 ኦም ሆነ። ኤሌክትሪክ ወደ መሣሪያው ብረት ቢያመልጥ 220 ቮልት ለ10 ኦም ሲካፈል ቢበዛ 22 አምፔር ወደ መሬት ይሄዳል። የክፍሉ ባልቦላ 16 አምፔር ከሆነ 22 አምፔርን ለረጅም ጊዜ፣ ምናልባትም ከአንድ ሰዓት በላይ፣ ሳይወርድ ሊታገሠው ይችላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የመሣሪያው አካል ኤሌክትሪክ ለብሶ ይቆያል። ባልቦላ የተሠራው ሽቦው ጋይቶ ቤት እንዳያቃጥል እንጂ ሰውን ለመጠበቅ አይደለም። ሰውን የሚጠብቀው በ30 ሚሊ አምፔር የሚቈርጠው፣ የሚሄደውንና የሚመለሰውን ከረንት እያነጻጸረ ልዩነት ሲያይ በቅጽበት የሚያጠፋው መቍረጫ ነው። ባለሙያዎች አር ሲ ዲ ይሉታል። በቤተ ሙከራና በክሊኒክ ክፍሎች ይህ መሣሪያ እንዲገጠም ኮሚቴዎች በሥራ ዝርዝራቸው ላይ በግልጽ ያስገቡ። ዋጋው ከመሣሪያዎቹ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

ይህን መቍረጫ በተመለከተ ሁለት ነገር ልብ ይባል። በላዩ ያለው የመፈተሻ ቍልፍ በየወሩ ይጫን፤ ካልወረደ ይለወጥ። ነገር ግን ቍልፉ የሚፈትነው መቍረጫውን ራሱን ነው፤ የመሬት መስመር መኖር አለመኖሩን አያሳይም። መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ክሊኒክ ደግሞ ጄኔሬተሩ ከመሬት ጋር በአግባቡ ካልተያያዘ መቍረጫው ላይሠራ ይችላል። ይህን የሚያረጋግጠው የሙያ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ክፍያውም የሚፈጸመው የለካውን ቍጥር በጽሑፍ ፈርሞ ሲያስረክብ ይሁን።

አንዳንድ ሠራተኞች ድካምን ለማዳን የሶኬቱን የመሬት ጫፍ በዚያው ሶኬት ውስጥ ከኒውትራሉ ጋር ያገናኙታል። በመፈተሻ ሲታይ የመሬት መስመር ያለ ይመስላል። ከሶኬቱ በፊት ኒውትራሉ ቢበጠስ ግን የመሣሪያው አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። ይህ ከባዶ ሶኬት የከፋ ነው። በገጠር የተለመደው ጨውና ከሰል በጕድጓዱ ዙሪያ መጨመር በተቃራኒው የሚጠቅም ልማድ ነው፤ አፈሩ እርጥበት እንዲይዝ ይረዳል። ጨው ግን በዝናብ ይታጠባል፤ አፈሩም በበጋ ይደርቃል። በነሐሴ ተለክቶ ያማረ ቍጥር በመጋቢት ላይገኝ ስለሚችል ልኬቱ በደረቁ ወራት ቢደረግ ይመረጣል። በጕልላቱ ላይ ካለው መብረቅ መከላከያ የሚወርደውን ሽቦ ለክሊኒኩ የመሬት መስመር ለማድረግ ማሰብም አለ። የሁለቱ ግንኙነት በባለሙያ የሚታይ ነገር ነውና በግምት አይነካ።

ከባሕር ማዶ የሚመጣ በረከት

በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ምእመናን ለትውልድ አጥቢያቸው መሣሪያ አሰባስበው ሲልኩ ደስታው ታላቅ ነው። ይህንኑ ደስታ ለመጠበቅ ሲባል ዕቃው ከመጫኑ በፊት የሳሕኑን ፎቶግራፍ ማስላክ ይገባል። የዩናይትድ ስቴትስ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። በሳሕኑ ላይ «100–240» ተብሎ ከተጻፈ ችግር የለም። «120» ብቻ ከሆነ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ትራንስፎርመሩም ለመሣሪያው ኃይል የሚበቃና የመሬት መስመሩን ሳይቈርጥ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። በገበያ የሚገኙት ብዙዎቹ ባለ ሁለት ቀዳዳ ስለሆኑ ሁለተኛው መከላከያ እዚያው ላይ ይቀራል። የቮልቴጅ መምረጫ ያለው መሣሪያ ሲሆን ደግሞ መምረጫው ሲዞር ፊውዙም አብሮ ይለወጥ፤ በ120 ቮልት የሚሠራ መሣሪያ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ከረንት ስለሚወስድ ለዚያ የተመረጠው ፊውዝ በ220 ቮልት ሲሆን ከሚገባው በላይ ይታገሣል።

ከሳሕኑ አጠገብ ያሉትን ምልክቶች ማንበብ ትምህርት ለሌለው ሰው እንኳ የሚቻል ነው። በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለ ቃለ አጋኖ «መመሪያውን ሳታነብ አትንካ» ማለት ነው፤ መመሪያው ከጠፋ ምልክቱ የሚያሳየው የለውምና መመሪያው አብሮ እንዲላክ ይጠየቅ። በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለ የመብረቅ ቅርጽ አደገኛ ቮልቴጅ መኖሩን ያመለክታል። በክብ ውስጥ ከቋሚ መስመር በታች እያጠሩ የሚሄዱ ሦስት አግዳሚ መስመሮች ካሉ መሣሪያው ያለ መሬት መስመር ሊሠራ አይገባም። ሲኢ የሚለው የአውሮፓ ምልክት ብዙውን ጊዜ አምራቹ ራሱ ስለ ራሱ የሚሰጠው ቃል ነው። ስለዚህ ምልክቱን ብቻ አይቶ ከመርካት የስምምነት መግለጫውን ሰነድ መጠየቅና 61010 የሚለው ቍጥር በውስጡ መኖሩን ማየት ይሻላል።

ለክሊኒክ የሚገቡ የሕክምና መሣሪያዎች በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112/2011 መሠረት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቍጥጥር ሥር ናቸው፤ ስጦታ መሆናቸው ከዚህ ነጻ አያደርጋቸውም። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው የስጦታ መሣሪያዎች መመሪያ ለሰጪው አገር የማይበቃ ዕቃ ለተቀባዩ ይበቃል ማለት እንደማይገባ አሳስቧል። ስጦታን መመለስ በእኛ ባህል ከባድ ነው፤ አንዳንድ አባቶችም ልጆቻችንን እናስቀይማለን ብለው ይሰጋሉ። በእኔ አመለካከት ግን ሰጪው የሚቀየመው መሣሪያው ሰው ሲገድል ነው። «ይህ ዕቃ ለቤታችን አይሆንም፣ በምትኩ የመሬት መስመር እንድንዘረጋ እርዱን» ብሎ በትሕትና መጻፍ ማንንም አያሳፍርም።

መሣሪያው ከገባ በኋላ በክፍሉ ኃላፊነት የሚወስድ አንድ ሰው በስሙ ይመደብ፤ ቁልፉም በእርሱ ዘንድ ይሁን። የተቃጠለ ፊውዝ በተመሳሳይ ቍጥር ብቻ ይተካ፤ በመዳብ ሽቦ ወይም በብር ወረቀት የተጠገነ ፊውዝ ከተገኘ መሣሪያው ከአገልግሎት ይውጣ። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጡትን የትምህርት ቤት መሣሪያዎች የሚያንቀሳቅሰው መምህሩ እንጂ ተማሪው አይሁን።

ሰው ቢያዝ

አደጋ ሲደርስ በግቢያችን የሚሆነው ይታወቃል፤ ሕዝቡ ይሰበሰባል፣ እናቶች ያለቅሳሉ፣ አንዱ ሊጎትተው ይሮጣል፣ ሌላው ጸበል ይዞ ይመጣል። የተያዘውን በእጁ የሚጎትት ሰው እርሱም ይያዛል። ከሁሉ አስቀድሞ ኤሌክትሪኩ ይቈረጥ፤ ባልቦላው ይውረድ ወይም ዋናው ማጥፊያ ይጥፋ። ማጥፊያው የት እንዳለ ጥበቃው፣ የጽዳት ሠራተኛዋና ዲያቆናቱ ሁሉ አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል፤ የማጥፊያው ክፍል ተቈልፎ ቁልፉ ከገንዘብ ያዡ ጋር ከተማ የወረደበት አጥቢያ አይጠፋም። ማጥፋት ካልተቻለ በደረቅ ቦታ ቆሞ፣ በደረቅ እንጨት ገመዱን ከሰውየው ማራቅ ይቻላል። ይህ ለቤት ውስጥ መስመር ብቻ ነው፤ ከቤት ውጭ በምሰሶ ላይ ለሚያልፈው ከፍተኛ መስመር ማንም አይጠጋ። ኤሌክትሪኩ ሳይጠፋ ውኃ፣ ጸበልም ቢሆን፣ አይረጭ። የጸበሉን በረከት ለመናቅ አይደለም፤ የረጪውም የተያዘውም አካል በእርጥበቱ ለኤሌክትሪኩ መንገድ እንዳይሆን ነው። ካህናት ይህን አስቀድመው ቢያስተምሩ ሕዝቡ ከማንም ይልቅ እነርሱን ይሰማል።

ኤሌክትሪኩ ከጠፋ በኋላ ሰውየው የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው ይጋደም፤ የደረቱ መካከል በሁለት መዳፍ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እየጠለቀ ይጫን፤ እርዳታ እስኪደርስ ድረስም ሰው እየተፈራረቀ ይቀጥል። ጸሎቱ በዚሁ ሰዓት በአጠገብ ሊደርስ ይችላል፤ እጆች ግን አይቁሙ። ተነሥቶ «ደኅና ነኝ» ያለም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ የልብ ምት መዛባት ዘግይቶ ሊታይ ይችላልና። መሣሪያው ደግሞ የደረሰው ነገር ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ባለሙያ ፈትሾ በጽሑፍ እስኪመልሰው ድረስ ተቈልፎበት ይቆይ።